የማዳበሪያው ከረጢትና የሄጉ ችሎት

በወልቂጤ፣ በቡታጅራ፣ በጉብሬ፣ በእንድብር፣ በአገና እንዲሁም በየገጠር ቀበሌው ሆናችሁ የምትከታተሉን፣ የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የፖለቲካ ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት ስለ መማር ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዳችሁ ውጤት የምትጠባበቁ፣ ፍሬሽማን ጨርሳችሁ ዲፓርትመንት ልትመርጡ ያላችሁ፣ ልጃችሁ "ፖለቲካ ልማር ነው" ብሎ ያሳሰባችሁ እናቶችና አባቶች፣ ቀረብ ብላችሁ አዳምጡን።

ከአንድ የማዳበሪያ ከረጢት ልጀምር። በመስቃን ወይም በማረቆ በቆሎና በርበሬ የሚያለማ ገበሬ ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ተሸክሞት የሚወጣው ከረጢት 50 ኪሎ ይመዝናል። ዩሪያ ከሆነ 46 የሚል ቁጥር ተጽፎበታል፤ ከመቶው 46 እጅ ናይትሮጅን ነው ማለት ነው። ኤንፒኤስ ከሆነ ደግሞ 19፣ 38 እና 7 የሚሉ ሦስት ቁጥሮች አሉት፤ ናይትሮጅኑን፣ ፎስፌቱንና ድኙን ያመለክታሉ። ገበሬው ቁጥሮቹን ሳይሆን ዋጋውን ነው የሚጠይቀው። ዋጋው ግን እነዚያ ቁጥሮች ከየት እንደመጡ ይከተላል።

ዩሪያ በአብዛኛው የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ስለዚህ የጋዝ ዋጋ ሲንር ዩሪያም ይንራል። በዓለም ላይ ካለው የታወቀ የፎስፌት ክምችት 70 በመቶ ገደማ የሚሆነው በሞሮኮ እጅ ነው፤ ኢትዮጵያም ፎስፌት ያለበትን ማዳበሪያ ከሞሮኮ ስትገዛ ቆይታለች። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ቻይና ለራሷ ገበሬዎች ብላ ማዳበሪያ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ቁጥጥር አጠበቀች። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ሩሲያ ዩክሬንን ወረረች፤ ሩሲያ ደግሞ ማዳበሪያ ለዓለም ከሚያቀርቡት ዋነኞች አንዷ ናት። በዚህ ሁሉ መሐል ያለፈው ከረጢት ጂቡቲ ወደብ ይደርሳል፤ የወደብና የመጓጓዣ ሂሳብ ይጨመርበታል፤ ክፍያው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ያው ዶላር በብር ሲሰላ ስንት እጥፍ እንደሆነ የቡታጅራም የወልቂጤም ነጋዴ ያውቀዋል።

እንግዲህ ቤጂንግ ላይ የተላለፈ ትእዛዝ፣ ዩክሬን ድንበር ላይ የተተኮሰ መድፍ፣ ጂቡቲ ላይ የተከፈለ የወደብ ሂሳብና አዲስ አበባ ላይ የወጣ መመሪያ አንድ ከረጢት ላይ ተደራርበው መስቃን ገቡ። ማሳ ውስጥ ያለው አባት የሚከፍለው የአራቱንም ነው። ይህን ሰንሰለት አንድ በአንድ ፈትቶ፣ የትኛው ቀለበት ምን ያህል እንደጨመረ በማስረጃ ለይቶ ማስረዳት የሚችል ሰው ነው የዓለም አቀፍ ግንኙነት ተማሪ የምንለው። በነገራችን ላይ እናቶቻችን በጓሮ የሚያለሙት እንሰት የሚፋፋው በከብት ፍግ በመሆኑ ከዚህ ሰንሰለት በአብዛኛው ውጭ ነው። አንድ ጎበዝ ተማሪ "ለምን?" ብሎ ቢጀምር፣ ስለ ምግብ ሉዓላዊነት የሚያጠና ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ብዙ ሰው ይህን ትምህርት ሲያስብ የሚታየው ወይ ክራቫት ያሰረ አምባሳደር ነው፣ ወይ ማይክራፎን የጨበጠ የፓርቲ ሰው። ሁለቱም ከዘርፉ ይወጣሉ፤ ዘርፉ ግን ከዚያ ይሰፋል። በአጭሩ፣ ሥልጣን ከየት ይመነጫል፣ በምን ሕግ ይገራል፣ ማን ይጠቀምበታል፣ ሂሳቡንስ ማን ይከፍላል የሚሉትን ጥያቄዎች በሥርዓት የሚያጠና ትምህርት ነው። ጥያቄዎቹን ማንም በቡና ላይ ይጠይቃቸዋል። ዩኒቨርሲቲው የሚጨምረው ለመልሱ ማስረጃ የማቅረብ ግዴታን ነው። እኔ ዛሬ አጥብቄ ልናገር የምፈልገውም ይህንኑ ነው፤ እንዲሆን የምንመኘውንና የሆነውን መለየት የዚህ ትምህርት ዋናው ፍሬ ነው፤ ከባዱም እሱ ነው።

አንደኛ ዓመት ላይ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁሉ ግሎባል ትሬንድስ የሚባል ኮርስ ትወስዳላችሁ። እዚያ መጀመሪያ ከምትተዋወቋቸው ሐሳቦች አንዱ ይህ ነው፦ መንግሥታት ከበላያቸው ሌላ መንግሥት የላቸውም። በአንድ አገር ውስጥ ጎረቤት ድንበር ቢገፋ ፍርድ ቤትና ፖሊስ አለ፤ አንድ አገር የሌላውን ድንበር ቢገፋስ ማን ይዳኛል? በዘርፉ ቋንቋ ይህ ሁኔታ አናርኪ ይባላል። ሪያሊስት የሚባሉት ምሁራን "ከበላይ ዳኛ ከሌለ ሁሉም በጉልበቱ ይኑር ማለት ነው" ይላሉ። ሊበራል የሚባሉት "ሕግና ተቋም መሥርቶ ጉልበትን መግራት ይቻላል" ብለው ይሞግታሉ። ክርክሩን የሚያስረዱት መጻሕፍት ከጥንት ግሪክ ከቱሲዳይደስ ተነሥተው እስከ ዛሬ ይዘልቃሉ።

የሰባት ቤት ጉራጌ ልጅ ይህን ሲያነብ አንድ ነገር ትዝ ሊለው ይገባል። ሰባቱ ቤቶች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ሥር ከመጠቃለላቸው በፊት ሁሉንም የሚገዛ አንድ ንጉሥ አልነበራቸውም። ቸሃው፣ እዣው፣ ጉመሩ፣ እኖሩ፣ ሙህሩ፣ ሌሎቹም፣ ሁሉም የየራሱ መሪና ሽማግሌ ነበረው። ከበላያቸው ማንም ሳይኖር የጋራ ሸንጓቸው የጆካ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ የደም ጉዳይ፣ የመሬት ጉዳይ፣ የጋብቻ ጉዳይ ቂጫ በሚባለው የጋራ ሕግ ይታይ ነበር። ውሳኔውን የሚያስፈጽም ቋሚ ጦር ግን አልነበረም፤ ያስፈጽም የነበረው መሐላው፣ የሽማግሌዎች ክብርና "ከሕዝብ እለያለሁ" የሚለው ፍርሃት ነው። በሰሜኑና በምሥራቁ በኩል ደግሞ ክስታኔዎች የጎርደና ሴራ፣ መስቃንና ዶቢ የጎጎት ሴራ የሚባል የየራሳቸው ባሕላዊ ሕግ አላቸው። ያለ ንጉሥ ሥርዓት ይቆማል ወይ ለሚለው የዓለም አቀፍ ግንኙነት ጥያቄ ይህ ደጃፋችን ላይ ያለ ማስረጃ ነው። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዊልያም ሻክ እዚህ መጥቶ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ መጽሐፍ ሲያሳትም ከጻፈባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር።

ማስረጃው ግን ሙሉ መታየት አለበት፤ የሚያኮራን ብቻ ተመርጦ አይደለም። በየጆካ ሸንጎ ሴቶች አይቀመጡም ነበር። የእንጨትና የሸክላ ሥራ ይሠሩ የነበሩ ወገኖቻችንም መሬት እንዳይዙ፣ ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ ተደርገው ኖረዋል። በዚያ ዘመን የቃቄ ውርድወት የተባለች ሴት ተነሥታ ባሏ ካልፈቀደላት በቀር ከሌላ እንዳታገባ የሚያስራትን ሥርዓት ሸንጎው ፊት ሞገተች። ሌሎች ሴቶችን አስተባብራ እንደተከራከረች ታሪኳ ይነገራል፤ በመድረክ ቴአትርም ቀርቧል። ፖለቲካዊ አስተሳሰብ ስታጠኑ በሕግ ፊት ስላለ እኩልነት ሎክንና ሩሶን ታነባላችሁ፤ እነሱን እያነበባችሁ የውርድወት ጥያቄ ምን እንደነበር፣ ሸንጎው ለምን እንደተቸገረ፣ ክርክሯ በየትኛው የቂጫ መርሕ ላይ እንደቆመ ብትመረምሩ፣ ለመምህሩም አዲስ ነገር ይዛችሁ ትገባላችሁ።

አሁን ከየጆካ ወደ ሄግ እንሻገር። ይህ ታሪክ በእኛ ትምህርት ቤቶች ሲነገር አልሰማም፤ መነገር ግን ነበረበት።

መስከረም 1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ሆነች። ማኅበሩ አባል የሆነን አገር ማንም እንዳይወር ቃል የተገባበት ነበር። በ1928 ዓ.ም. ፋሽስት ኢጣሊያ በመርዝ ጋዝ ስትወርረን ያ ቃል ታጠፈ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ ቆመው ለዓለም አቤት አሉ፤ ማኅበሩ ግን ኢጣሊያ ላይ የጣለውን ማዕቀብ እንኳ ብዙም ሳይቆይ አነሣ። እስከዚህ ያለውን ሁላችንም እናውቃለን። "አባልነታችን ምን ጠቀመን?" ብለን ምዕራፉን የምንዘጋውም እዚህ ላይ ነው።

ምዕራፉ ግን አልተዘጋም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያው ማኅበር የዛሬዋን ናሚቢያን፣ የያኔዋን ደቡብ ምዕራብ አፍሪካን፣ በሞግዚትነት ለደቡብ አፍሪካ ሰጥቷት ነበር። ደቡብ አፍሪካም አፓርታይዷን ወደዚያ አሻገረች። ማኅበሩ ፈርሶ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሲተካው ጉዳዩ እንደተንጠለጠለ ቀረ። አፍሪካ ውስጥ አብዛኛው አገር ገና ነጻ በወጣበት ወይም ሊወጣ በተቃረበበት ጊዜ፣ ደቡብ አፍሪካን ሄግ ባለው ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ለመክሰስ የሚችል አገር ተፈለገ። በሞግዚትነቱ ውል መሠረት ክስ ማቅረብ የሚችለው የቀድሞው ማኅበር አባል የነበረ አገር ብቻ ነው። ጋና አልነበረችም፤ ናይጄሪያ አልነበረችም፤ ጊኒም አልነበረችም። አባል ከነበሩት ጥቂት የአፍሪካ አገሮች መካከል ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ይገኙበታል። ጥቅምት 25 ቀን 1953 ዓ.ም. ሁለቱ አገሮች ክሱን አስገቡ። በ1928 ያልታደገን አባልነት ሩብ ክፍለ ዘመን ያህል ቆይቶ ሌላ የአፍሪካ ሕዝብ ለሚታገልበት መብት በር ከፈተ።

ከዚያ የሆነው ደግሞ የዚህን ትምህርት ሌላ ገጽታ ያሳያል። ፍርድ ቤቱ በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ 8 ለ7 በሆነ ድምፅ "ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ" አለ። ዓመታት የፈጀ ክርክር ተካሄደ። ሐምሌ 11 ቀን 1958 ዓ.ም. ዳኞቹ እኩል 7 ለ7 ተከፈሉ፤ አውስትራሊያዊው የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሰር ፐርሲ ስፔንደር በወሳኝ ድምፃቸው ሚዛኑን አጋደሉት። ውሳኔው ምን ነበር? ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በጉዳዩ ላይ የራሳቸው ሕጋዊ ጥቅም የላቸውም፤ ስለዚህ አፓርታይድ ትክክል ነው ወይስ አይደለም ወደሚለው አንገባም የሚል። በእኛ ዘንድ "ምን አገባህ?" እንደሚባለው ማለት ነው።

አፍሪካ ተቆጣች። ቁጣው ግን መንገድ አገኘ። በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ጥቅምት 1959 ዓ.ም.፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የደቡብ አፍሪካን ሞግዚትነት ሠረዘ። በ1963 ዓ.ም. ያው ፍርድ ቤት በሰጠው የምክር አስተያየት ደቡብ አፍሪካ ናሚቢያ ውስጥ መቆየቷ ሕገ ወጥ ነው አለ። ናሚቢያ ነጻ የወጣችው መጋቢት 12 ቀን 1982 ዓ.ም. ነው። ክሱ ከገባ 30 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ሲቀረው መሆኑ ነው። በመካከሉ የናሚቢያውያን የትጥቅ ትግል አለ፣ የአንጎላ ጦርነት አለ፣ የኃያላን ድርድር አለ። ሕጉ ብቻውን ነጻ አላወጣቸውም፤ ያለ ሕጉ ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ዓለም ፊት እጇ በዚያ መጠን ባልተያዘ ነበር። ሪያሊስቱም ሊበራሉም ከዚህ ታሪክ የሚጠቅሳቸውን ያገኛሉ፤ ጥሩ ተማሪ ሁለቱንም አስረድቶ የራሱን ፍርድ ይሰጣል። የእኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ትንሽ አገር በሕግ መድረክ ላይ ያላትን ወንበር በተሸነፈችበት ቀን እንኳ መልቀቅ የለባትም እላለሁ። ዛሬ ስለ ዓባይ ውኃም ሆነ ስለ ባሕር በር የሚከራከሩልን ባለሙያዎች ይህን መዝገብ ደጋግመው ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ቤት ሳላነሣ ባልፍ ተገቢ አይሆንም። ፖለቲካ ሳይንስ የሚማር የወልቂጤ ወይም የቡታጅራ ልጅ ዶርም ውስጥ በመጀመሪያው ሳምንት የሚጠየቀው ጥያቄ ይታወቃል፤ ጉራጌ የራሱ ክልል ይኑረው ወይ የሚለው የክልል ጥያቄ ነው። እኔ አንዱን ወገን ልደግፍ አልመጣሁም። ጉዳዩ እንዴት መጠናት እንዳለበት ነው የምናገረው።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 ላይ በክልሎች ውስጥ ያሉ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች በማንኛውም ጊዜ የራሳቸውን ክልል የማቋቋም መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ሥርዓቱንም ይዘረዝራል፤ የምክር ቤት የሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ሕዝበ ውሳኔ፣ የሥልጣን ርክክብ። ከዚያ ሁነቶቹ አሉ። በ1993 ዓ.ም. የስልጤ ሕዝብ በሕዝበ ውሳኔ ከጉራጌ የተለየ ማንነቱን አረጋገጠ። ኅዳር 2012 ዓ.ም. ሲዳማ 10ኛው ክልል ለመሆን በሕዝበ ውሳኔ ወሰነ። ኅዳር 2015 ዓ.ም. የጉራጌ ዞን ምክር ቤት ከሌሎች ዞኖች ጋር በአንድ ክልል ተዳብሎ፣ በክላስተር የመደራጀቱን ሐሳብ በአብላጫ ድምፅ ሳይቀበለው ቀረ። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ ምሥራቅ ጉራጌ ራሱን የቻለ ዞን ሆኖ ቡታጅራ መቀመጫው ሆነች፤ ቀቤናና ማረቆም ልዩ ወረዳዎች ሆኑ። በመካከሉ ሱቆች የተዘጉባቸውን፣ መንገዱ ጭር ያለባቸውን ቀናት የወልቂጤ ሰው አይረሳቸውም።

በዚህ ላይ ለመጻፍ የሚነሣ ተማሪ ልቡ ውስጥ ያለውን መደበቅ አይጠበቅበትም። ግዴታው ሌላ ነው፤ የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ ባለቤቱ ሲያነበው "አዎ፣ እኔ የምለው ይህንን ነው" እስኪል ድረስ አሳምሮ ማስቀመጥ። የቀቤና ሰው ልዩ ወረዳ መሆኑን ለምን ፈለገው? የራስ ክልል ይገባናል ያለው የዞኑ ነዋሪስ ክርክሩ በየትኛው አንቀጽ ላይ ይቆማል? ተዳብሎ መደራጀቱን የደገፈው ባለሥልጣን ስለ በጀትና ስለ አስተዳደር ወጪ ያቀረበው ሒሳብ ያስኬዳል ወይ? ቡታጅራ የዞን መቀመጫ ከሆነች በኋላ የተከፈቱት መሥሪያ ቤቶች ለነዋሪው ምን ቀየሩ? ይህ የመጨረሻው በዓይን የሚታይ፣ ተቆጥሮ የሚጻፍ ነገር ነው። ስሜት በጋለበት ጉዳይ ላይ ተቆጥሮ የሚጻፍ ነገር የሚያመጣ ወጣት ለአካባቢው ታላቅ አገልግሎት ይሰጣል፤ እውነቴን ነው የምለው፣ እንዲህ ያለ ሰው ያስፈልገናል።

ወደ ትምህርቱ አካሄድ ልመለስ። መጀመሪያ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ሆኖ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩን የማነሣው ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም፤ ዝግጅቱ ከ9ኛ ክፍል መጀመር እንዳለበት ስለሚናገር ነው። በሪሜዲያል ያለፉም ብዙ ጎበዞች አሉ። ዩኒቨርሲቲ ከገባችሁ በኋላ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርሶች ናቸው፤ ከግሎባል ትሬንድስ ሌላ ሎጂክ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክና ጂኦግራፊ፣ አንትሮፖሎጂ ትወስዳላችሁ። ዲፓርትመንት የሚደለደለው በፍላጎትና በፍሬሽማን ጂፒኤ ስለሆነ፣ "እነዚህ ኮርሶች ለሁሉም ናቸው" ብሎ መዘናጋት ብዙዎችን የሚፈልጉት ቦታ አሳጥቷል። የተመደባችሁበት ግቢ ዲፓርትመንቱን የሚከፍት መሆኑን ከሬጅስትራር አስቀድማችሁ አረጋግጡ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት ትምህርት ክፍል አለ፤ ሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጡታል።

ዲፓርትመንት ከገባችሁ በኋላ የሚከብደው ንባቡ ነው። ሃንድአውት ሸምድዶ ማለፍ ይቻል ይሆናል፤ የመውጫ ፈተናው ላይ ግን ያጋልጣል። በሳምንት ውስጥ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ረጃጅም ጽሑፎች ይሰጧችኋል፤ እያንዳንዱን አንብባችሁ ስትጨርሱ የጸሐፊውን ዋና ክርክር በአማርኛ ወይም በጉራጊኛ ለጓደኛችሁ በአምስት ዓረፍተ ነገር መንገር ካልቻላችሁ ገና አልገባችሁም ማለት ነው። የምርምር ዘዴና የስታቲስቲክስ ኮርሶችን የሚሸሹ አሉ፤ እነሱን የሸሸ ሰው በኋላ ላይ የሌሎችን ቁጥር አምኖ ከመኖር ሌላ ምርጫ የለውም።

ስለ ቋንቋ አንድ ነገር ልበል። በቡታጅራና በአካባቢዋ በልጅነታቸው መድረሳ ገብተው ዐረብኛ ማንበብ የጀመሩ ብዙ ወጣቶች አሉ፤ አብዛኞቹ ይህን እንደ ዲፕሎማሲ ሀብት አይቆጥሩትም። ዐረብኛ ከተባበሩት መንግሥታት ስድስት ይፋዊ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ የአፍሪካ ኅብረትም የሥራ ቋንቋ ነው። የአፍሪካ ቀንድና የቀይ ባሕር ጉዳይ ያለ ዐረብኛ በቅጡ አይጠናም። የጀመራችሁትን ወደ ጋዜጣና ወደ ስብሰባ ቋንቋ አሳድጉት።

ሥራውስ? ወላጆች የምትጠይቁት ይህንን ነው፤ ደግሞም ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በውድድር የሚቀጥረው ጥቂት ሰው ነው፤ ከአታሼ ተነሥቶ በሦስተኛ ጸሐፊ፣ በሁለተኛ ጸሐፊ እያለ እስከ አምባሳደር የሚወስደው መንገድ ረጅም ነው። ከዚያ ውጭ የዘርፉ ምሩቆች በምርጫ ቦርድ፣ በሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን፣ በዞንና በወረዳ አስተዳደር፣ በሰላምና ጸጥታ መሥሪያ ቤቶች፣ በረድኤት ድርጅቶች፣ በጋዜጠኝነት ይሠራሉ። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን (ኢሲኤ) መቀመጫ ናት፤ ከቡታጅራ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከወልቂጤም ከዚያ ብዙም ያልበለጠ ርቀት ላይ ናት። የቡታጅራው መንገድ ራሱ ታሪክ አለው፤ በ1950ዎቹ በዓለም ገና–ወላይታ ሶዶ መንገድ ሥራ ድርጅት አማካይነት የአካባቢው ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው ያሠሩት ነው። ሕዝብ ተደራጅቶ መንግሥት ፊት ሲቀርብ ምን ሊያገኝ እንደሚችል ለማጥናት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አልፈልግም።

የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ስትመርጡ ከቤታችሁ አትራቁ። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ ስትሄዱ መንገድ ላይ የምታገኟቸው የጢያ ትክል ድንጋዮች እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ናቸው፤ 36 ሲሆኑ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። ዓለም አቀፍ ስምምነት አንድን የገጠር ከተማ ምን ያስገድዳታል፣ ምንስ ይሰጣታል? ቡታጅራ ራሷ በዓለም የጤና ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀች ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም የሕዝቡን ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ለዓመታት ተከታትሎ መዝግቧል። አንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲና አንድ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ በገጠር ቀበሌ ውስጥ ሲተባበሩ ጥያቄውን የሚያወጣው ማን ነው፣ ውጤቱስ ለማን ይደርሳል? ይህም ዓለም አቀፍ ግንኙነት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ወደ ዐረብ አገር ስለሄዱ እኅቶቻችን ጻፉ። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ወራት ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን መልሳ ስትልክ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ከወረዱት ውስጥ የዚህ አካባቢ ልጆች ነበሩበት። መንግሥት ጉዞውን አግዶ ቆይቶ በ2008 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 923ን አወጣ፤ ሠራተኛ የሚላከው ከተቀባዩ አገር ጋር የሁለትዮሽ ስምምነት ሲኖር እንዲሆን ደነገገ። ስምምነቱ ላይ ደመወዟ በስንት ተጻፈ? ፓስፖርቷን አሠሪዋ እንዳይነጥቃት የሚል አንቀጽ አለው? ብትበደል ሪያድ ወይም ጅዳ ያለው ዲፕሎማት በስንት ቀን ሊደርስላት ይገባል? ከተመለሱት ጋር ቁጭ ብላችሁ የደረሰባቸውን አዳምጡ፤ ከፈቀዱላችሁ፣ ስማቸውን ሳታወጡ መዝግቡት፤ ከዚያ ከስምምነቱ አንቀጾች ጋር አስተያዩት። ድርድር ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ባለሙያዎች የሚያስፈልጋቸው እንዲህ ያለ ጽሑፍ ነው፤ የቡታጅራን ቀበሌ ከሚያውቅ ሰው በቀር ሊጽፈው የሚችል የለም።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን የመመረቂያ ጽሑፍ ለመጻፍ ቃለ መጠይቅ እንዴት እንደሚደረግና የተጠያቂ ፈቃድ እንዴት እንደሚወሰድ ከምሳሌ ጋር እናያለን።